ስድስት ነጥብ ከአካፋ

የናይሮቢ የድሃ ሰፈር ልጆች በኳስ ምን ሠሩ? ለእኛስ ምን ያስተምሩናል?

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህችን አባባል ከጓዳ አውጥተን በሰፈርም፣ በማኅበርም፣ በአገርም ጉዳይ ስንሠራባት ኖረናል። ልጅ ይላካል እንጂ አይማከርም። የድሃ ልጅ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ልብስ ይለመንለታል፣ ደብተር ይሰበሰብለታል፣ ፎቶግራፉ በየወረቀቱ እየወጣ ገንዘብ ይጠየቅበታል። እሱ ራሱ ምን መሥራት እንደሚችል ግን ዞር ብሎ የሚጠይቀው የለም።

በጎረቤታችን በኬንያ፣ ማታሬ በሚባለው የናይሮቢ የድሃ ሰፈር፣ ይህንን የጠየቀ አንድ የልጆች የኳስ ሊግ አለ። በዚያ ሊግ ተጋጣሚውን ያሸነፈ ቡድን ነጥብ ያገኛል፤ ይህ የትም ያለ ነው። የቡድኑ ልጆች አካፋና መጥረጊያ ይዘው ወጥተው የሰፈራቸውን ቆሻሻ ሲያጸዱም ለአንድ የተጠናቀቀ ጽዳት 6 ነጥብ ይመዘገብላቸዋል። ልብ በሉ፤ በዓለም ላይ በሚታወቀው የሊግ ደንብ አንድ ጨዋታ ማሸነፍ የሚያስገኘው 3 ነጥብ ነው። በማታሬ አካፋ ከጎል ይበልጣል ማለት ነው። ጎበዝ አጥቂ ያለው ቡድን ሰፈሩን ካላጸዳ ዋንጫውን ከሩቅ ያየዋል።

ይህ ሊግ ከተጀመረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በስደት ላይ ያለን ሰዎች ለአገር ቤት ልጆች ኳስና ማሊያ እያሰባሰብን ስለምንልክ፣ እዚህ የሚያድጉት ልጆቻችንም በየአፓርታማው ግቢ ኳስ ስለሚያንከባልሉ፣ የማታሬን ነገር ቀረብ ብሎ ማየቱ ይጠቅማል ብለን አመንን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሸለቆው

ማታሬ ከናይሮቢ መሐል ከተማ ብዙ አይርቅም። ከትልልቆቹ ፎቆች ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ብዙም ሳይቆይ በወንዝ ዳር በዳገቱና በቁልቁለቱ ላይ ተጠጋግተው የቆሙ የቆርቆሮና የጭቃ ቤቶችን ያገኛል። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ይኖራል። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ውኃው በጄሪካን ይገዛል። ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣው፣ ከሌላ ሰፈር በኪራይ ውድነት የተባረረው፣ ብቻዋን ልጆች የምታሳድገው እናት፣ ሁሉም እዚያ ተሰባስቧል። አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ ብዙ ሳይገለጽለት ሥዕሉ ይታየዋል።

በእንዲህ ያለ ሰፈር ቆሻሻ ማለት ዓይንን የሚያስቀይም ነገር ብቻ አይደለም። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና በማይደርስበት ቦታ ቆሻሻው ቦይ ውስጥ ይገባል። ቦዩ ሲደፈን የዝናቡና የመጸዳጃው ውኃ ባንድነት ወደ ቤት ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ተቅማጡ፣ የሕፃናቱ ሞት ይከተላል። በሚያዝያ 2024 በናይሮቢ ከባድ ዝናብ በጣለ ጊዜ በማታሬ ወንዙ ሞልቶ ቤቶችን ጠራርጎ ወስዷል፤ ሰውም ሞቷል። መንግሥት ደግሞ ከጎርፉ በኋላ በወንዝ ዳር የቀሩትን ቤቶች በቡልዶዘር አፍርሷል። የልጆች አካፋ እንዲህ ያለውን ጎርፍ ያቆማል ማለታችን አይደለም። ቦይ መጥረግ ለማታሬ ልጅ ከጌጥ የራቀ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ግን መገንዘብ ያስፈልጋል።

ውሉ

በ1987 ቦብ መንሮ የተባሉ ካናዳዊ ወደዚህ ሰፈር ብቅ ይሉ ነበር። ሰውየው በአካባቢ ጥበቃና በልማት ጉዳይ ላይ የሚሠሩ አማካሪ ናቸው። የሰፈሩ ልጆች ፌስታል በገመድ ጠቅልለው በሠሩት ኳስ ሲጫወቱ ያዩ ነበር። ይህ ኳስ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የእኛ ልጆች በካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው የሚሠሩት ኳስ ወንድም ነው። ልጆቹ እውነተኛ ኳስ፣ ዳኛና ሥርዓት ያለው ውድድር ፈለጉ። መንሮም ሊረዷቸው ፈቀዱ፤ ነገር ግን በውል። እናንተ ለሰፈራችሁ አንድ ነገር ከሠራችሁ እኛም አንድ ነገር እንሠራለን፤ እናንተ ካልሠራችሁ እኛም አንሠራም፤ የውሉ መንፈስ ይኸው ነበር።

የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር የተወለደው ከዚህ ነው። በእንግሊዝኛው አጠራር በአጭሩ «ማይሳ» ይባላል። በመጀመሪያ የተሰባሰቡት የጥቂት ቡድኖች ልጆች ነበሩ። እየዋለ እያደረ በሊጉ የሚጫወቱት ልጆች ከ20 ሺህ በላይ ሆኑ። በአፍሪካ ውስጥ ካሉት የወጣቶች የስፖርት ማኅበራት ትልልቆቹ ሲጠሩ ማይሳ አብሮ ይጠራል። በ1990 አንድ የልጆች ቡድን ወደ ኖርዌይ ተጉዞ በኦስሎ በሚደረገው የልጆች ውድድር ላይ ተሳተፈ። በ1992 ደግሞ በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተደረገው የዓለም የአካባቢ ጉባኤ ወቅት የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ማኅበሩን ሸለመው። ለኳስ ተብሎ የተቋቋመ ማኅበር በቆሻሻ ማጽዳት ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲያገኝ ምን ትላላችሁ?

ልጆች ሲመሩ

የማታሬን ሥራ ከሌሎች የሚለየው ግን ሽልማቱ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ሊጉን የሚያስተዳድሩት በአመዛኙ ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው። ሰፈሩ በቀጠና ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ቀጠና የራሱን ኮሚቴ ይመርጣል። የጨዋታ ፕሮግራም የሚያወጣው፣ ሜዳ የሚያዘጋጀው፣ ታናናሾቹን የሚያሠለጥነው፣ ፊሽካ የሚነፋው፣ በአብዛኛው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ነው። ትናንት ተጫዋች የነበረ ዛሬ ዳኛ ነው፤ ነገ አሠልጣኝ ይሆናል።

የጨዋታው ሥርዓትም የተለየ ነው። ከዳኛ ጋር መነጋገር የሚፈቀደው ለአምበሉ ብቻ ነው። ሌላው ተጫዋች በዳኛ ላይ ከጮኸ ከሜዳ ይወጣል፤ ወደ ጨዋታ ከመመለሱ በፊት ደግሞ የታናናሾቹን ጨዋታ በዳኝነት መምራት ይኖርበታል። ቅጣቱ ስድብና ግልምጫ የለበትም። የሚጮኸው ልጅ ራሱ ፊሽካ ይዞ ሲጮኹበት እንዲያየው ያደርጋል። ከቢጫውና ከቀዩ ካርድ ሌላ አረንጓዴ ካርድም አላቸው፤ ይህ በጨዋነቱ ብልጫ ላሳየ ተጫዋች የሚሰጥ ነው። እኛ በየበጋው ሜዳ ዳር ቆመን ዳኛ ስንሳደብ ለምንውል ሰዎች ይህ ሳይጠቅመን አይቀርም።

ልጁ በጽዳት፣ በአሠልጣኝነት፣ በዳኝነትና በሌላም የበጎ ፈቃድ ሥራ በግሉ የሚያጠራቅመው ነጥብም አለ። ብዙ ነጥብ ያላቸው በየዓመቱ ተመርጠው የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸለማሉ። ገንዘቡ በልጁ ወይም በወላጁ እጅ አይገባም፤ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይከፈላል። በኬንያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ የሆነው በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ የማታሬ ልጅ ከትምህርት ገበታ የሚባረረው ብዙውን ጊዜ ሰንፎ ሳይሆን መክፈል አቅቶት ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ወጪ ደግሞ ከዚያም በኋላ የድሃ ቤተሰብ ሸክም ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ልጁ የሚማረው በምጽዋት አይደለም፤ በሠራው ነው። ለልጅ ክብር በዚህና በዚያ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ሴቶቹና ሌላው ሁሉ

እስከ 1992 ድረስ ሊጉ የወንዶች ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት የሴቶች ውድድር ሲጀመር ትልቁ ችግር ሜዳ ወይም ኳስ አልነበረም፤ ቤት ነበር። ውኃ የምትቀዳ፣ ታናናሾቿን የምታዝል፣ እራት የምታበስል ልጅ መቼ ትጫወታለች? እናቶቹም ልጄ ከወንድ ጋር ስትራገጥ አላይም አሉ። ይህን ክርክር ለአንባቢ መተርጎም አያስፈልግም፤ በእያንዳንዳችን ቤት የተሰማ ነው። መፍትሔው ቀስ በቀስ የመጣ ነበር። ወላጆችን በየቤቱ ሄዶ ማነጋገር፣ የጨዋታውን ሰዓት ከቤት ሥራው ጋር ማስማማት፣ ወንድሞችም ሥራ እንዲያግዙ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በማታሬ ሴት ልጅ ኳስ ስትጫወት ማየት ብርቅ አይደለም።

ልጅ አንዴ በኳስ ከተሰባሰበ በኋላ ሌላውም ነገር ይመጣል። ኤድስ በኬንያ ቤት ለቤት ሲገባ፣ ከ1994 ጀምሮ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሠልጥነው ለእኩዮቻቸው ስለበሽታው ማስተማር ያዙ። ዶክተር የሚናገረውን በጥርጣሬ የሚሰማ ልጅ የቡድኑን አምበል ይሰማል። በ1997 ደግሞ ለማይሳ ልጆች ርካሽ የፕላስቲክ ካሜራ ተሰጥቷቸው የገዛ ሰፈራቸውን ፎቶግራፍ አነሱ፤ ሥራቸውም በ1999 በመጽሐፍ ወጣ። የሌላ ሰው ካሜራ ሲያነሳቸው የኖሩ ልጆች ካሜራውን ወደ ራሳቸው ሕይወት አዞሩት። ቤተ መጻሕፍትም ተከፈተ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ከስምንት ሰው ጋር ለሚያድር ተማሪ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ ማግኘት ከመጽሐፉ እኩል ዋጋ አለው።

ይህ አሠራር ወደ ካኩማም ሄዷል። ካኩማ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ በረሃ ውስጥ በ1992 የተቋቋመ የስደተኞች ጣቢያ ነው። በኢትዮጵያ የስደተኛ ጣቢያዎች ውስጥ ኖረው ከ1991 በኋላ የተበተኑት የሱዳን ልጆች የደረሱት እዚያ ነው። ሶማሌዎችም፣ ኢትዮጵያውያንም ብዙ ዓመት ኖረውበታል፤ ዛሬ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ያሉ ስንት ወገኖቻችን ያለፉት በዚያ አቧራ ነው። በ1999 የማታሬ ወጣቶች ወደ ካኩማ ሄደው ስደተኛ ልጆች ሊጋቸውን ራሳቸው እንዲመሩ አሠለጠኑ። የድሃ ሰፈር ልጅ ለስደተኛ ልጅ አስተማሪ ሆነ ማለት ነው።

በአንድ ማሊያ

በ1994 ከሊጉ ልጆች የተውጣጣ ማታሬ ዩናይትድ የተባለ የአዋቂ ክለብ ተቋቋመ። ክለቡ በ1998 የኬንያን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ወሰደ፤ በ2000 ደገመው። በ2008 ደግሞ የኬንያ የሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ያ ዓመት ዝም ተብሎ የሚታለፍ ዓመት አይደለም።

በታኅሣሥ 2007 መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ሳቢያ በኬንያ በተነሳው ረብሻ ከ1 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል። ማታሬ ክፉኛ ከተጎዱት ሰፈሮች አንዱ ነበር። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ በብሔሩ ተነሳ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፤ የእገሌ ጎሣ ሰፈር፣ የእገሌ ጎሣ ሰፈር እየተባለ መንገዱ ተከፋፈለ። በዚያው ዓመት የተለያየ ብሔር ልጆች የሚጫወቱበት የዚያው ሰፈር ክለብ በአንድ ማሊያ ተሰልፎ የአገሪቱን ዋንጫ አነሳ። ዋንጫው ቁስሉን አዳነው ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል። ኳስ ፖለቲከኛ የሚያቀጣጥለውን እሳት ብቻውን አያጠፋም። ዳሩ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከሌላው ብሔር ልጅ ጋር አንድ ቦይ የጠረገ፣ አንድ ጎል ያስቆጠረ ወጣት፣ ያ ሰው ጠላትህ ነው ሲሉት ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ያስባል። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ክለቡ ከዚያ በኋላ የገንዘብ ችግር ገጥሞት ከዋናው ሊግ የወረደበት ጊዜም ነበር። ይህንንም የምንጽፈው እውነቱ ሙሉ እንዲሆን ነው። ዋንጫ ይመጣል፣ ይሄዳል። ቦይ መጥረግንና ሰው መምራትን የለመደ ልጅ ግን የለመደው ከእሱ ጋር ይቀራል።

ሎተሪው

ከማታሬ ዩናይትድ ተነስቶ አውሮፓ የደረሰ ተጫዋች የለም ወይ? አለ። ዴኒስ ኦሊየች በክለቡ ተጫውቶ በኋላ በፈረንሳይ በናንትና በኦግዘር ክለቦች ስም አውጥቷል። በመላው አፍሪካ ያለ ድሃ ወላጅ የሚያየው ይህንን ነው፤ አንድ እግር ቤተሰቡን ሁሉ ያነሳል ብሎ ያልማል። ነገር ግን ከ20 ሺህ ልጅ መካከል ስንቱ ኦሊየች ይሆናል? በዚህ ተስፋ ላይ የሚነግዱም አሉ። ቤተሰብ ከብቱን ሸጦ፣ ተበድሮ ለወኪል ነኝ ባይ ይከፍላል፤ ልጁ አውሮፓ ደርሶ ሙከራው ሳይሳካ ሲቀር መንገድ ላይ ይጣላል። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2001 ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር አገር እንዳይዛወር የከለከለው ይህን የመሰለ ግፍ ስለበዛ ነው።

ስለዚህ ኳስ ለድሃ ልጅ እንደ ሎተሪ ትኬት ከተሰጠ አንዱን አክብሮ ሺሁን ያዋርዳል። እንደ ትምህርት ቤት ከተሰጠ ግን ያልተመረጠውም ልጅ ይጠቀማል። የማታሬ ውል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጎል የማያገባው ልጅ በአካፋው ለቡድኑ 6 ነጥብ ያመጣል።

በክላርክስተን ደጃፍ

ይህ የሩቅ አገር ነገር እንዳይመስለን ወደ አሜሪካ እንምጣ። በአትላንታ አጠገብ ያለችው ክላርክስተን በአበሻም ዘንድ በደንብ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት። ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞች ሰፍረውባታል። በ2004 ሉማ ሙፍሌህ የተባለች በዮርዳኖስ ተወልዳ አሜሪካ ጥገኝነት ያገኘች ሴት በመኪና ስታልፍ ስደተኛ ልጆች በአፓርታማ መኪና ማቆሚያ ላይ በአሮጌ ኳስ ሲጫወቱ አየች። ከእነሱም ቡድን አቋቋመች፤ ስሙንም «ፊውጂስ» አለችው፤ ስደተኞች እንደ ማለት ነው።

እሷም ውል አላት። ተጫዋቹ በሰዓቱ ይመጣል፤ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የትምህርት እገዛውን ይከታተላል፤ ከሌላ አገር ልጅ ጋር ይሠራል። በ2006 የከተማው ከንቲባ በከተማው መናፈሻ እግር ኳስ እንዳይጫወቱ ከለከሉ። ልጆቹ ሜዳ ፍለጋ ተንከራተቱ። በጥር 2007 ነገሩ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሲወጣ አገር ሰማው።

የሉማ ትልቁ ግኝት ግን ከሜዳው ውጭ ነበር። ከተጫዋቾቿ መካከል ማንበብ የማይችሉ እንዳሉ ተረዳች። በአሜሪካ ትምህርት ቤት ስደተኛ ልጅ የሚመደበው በአመዛኙ በዕድሜው ነው። ጦርነት ያሳደደውና ፊደል ያልቆጠረ የ14 ዓመት ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ይቀመጣል፤ ዝም ካለ ማንም አያውቅበትም። ኳሱ ባያገናኛቸው ኖሮ ዝምታው ሳይታወቅ ይቀር ነበር። በ2007 ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በኋላም በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ሌላ ተከፈተ። ኳሱ መጨረሻ ሳይሆን በር ሆነ።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

ኳስን ከኳስ በላይ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሳሉ የደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አገዛዝ ወደ አፍሪካ ሜዳ እንዳይገባ በጽናት ታግለዋል። ያረፉት የማታሬ ሊግ በተጀመረበት በዚያው ዓመት ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚገኘው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽንም ከ1984 ጀምሮ በየበጋው ሕዝባችንን ያሰባስባል። ኳሱም፣ ሕዝቡም፣ ፍቅሩም አለን። ከእኛ የሚቀረው ውሉ ነው።

ስለዚህ ለአገር ቤት ችግረኛ ልጆች ኳስና ማሊያ ልንገዛ ነው የሚል መዋጮ ሲመጣ፣ ወይም እዚህ ልጆቻችንን በቡድን ስናሰባስብ፣ አዘጋጆቹን እንዲህ ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ልጁ ምን ይሰጣል? ማሊያ ብቻ ተቀብሎ የሚሄድ ከሆነ ማሊያው ሲያልቅ ነገሩም አብሮ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ልጆቹ የሚወስኑት ነገር አለ ወይስ አዋቂዎቹ ፎቶ እንዲነሱባቸው ብቻ ነው የተሰለፉት? ሦስተኛ፣ ሴቶቹ የት አሉ? አራተኛ፣ ከልጆቹ ጋር የሚውሉት አዋቂዎች እነማን ናቸው? ማንስ ይቆጣጠራቸዋል? ኳስ የያዘ ሰው ሁሉ ለልጅ የሚታመን አይደለም፤ ወላጅ ይህን ቢጠይቅ እንደ ነገረኛ ሊቆጠር አይገባም። አምስተኛ፣ ሜዳው የማን ነው? በከተሞቻችን የሰፈር ሜዳ ሁሉ ሕንፃ እየበቀለበት ሄዷል። መሬት የሌለው ኳስ የትም አይነጥርም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና እዚህ ያለን ሰዎች ብዙ ገንዘብ አያስፈልገንም። በቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት የሚረዳ ታዳጊ ለቡድኑ ነጥብ ያምጣ። እንግሊዝኛ የማያነቡ አዛውንትን ወደ ሐኪም ቤት አጅቦ የሚያስተረጉም ልጅ በቡድኑ ሰሌዳ ላይ ይጻፍለት። ዳኛ የሰደበ ወጣት በሚቀጥለው እሑድ የሕፃናቱን ጨዋታ ይዳኝ። ይህን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አይኖርብንም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ ፊሽካና ቃሉን የሚጠብቅ አንድ አዋቂ ይበቃል።